የረቡዕ መርዶ

«አንዱዓለምማ ከሞተ አራት ወሩ» አሉኝ አያ ቢያዝን፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ። ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

የያዝኩት እስክሪብቶ አልወደቀም። እንዲያውም አጥብቄ ያዝኩት፤ ጫፉ መዳፌ ውስጥ ገባ።

«የቱ አንዱዓለም?»

«የታየች ልጅ ነዋ! የወንድሜ ልጅ። ጥቅምት ላይ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ፣ በትራክተር ተጭነው ሲመለሱ ተገለበጠባቸው። እኔው ነኝ ወርጄ ያስቀበርኩት።» ሳልጋብዛቸው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «አንቺማ ታውቂው የለ።»

አላውቅም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ በየረቡዑ፣ ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለ እሱ ሳወራ ከርሜ አላውቅም ነበር።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ጎንደር ከተማ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን በማለዳ ሚኒባስ ትክል ድንጋይ እሄድና በአንድ ጤና ጣቢያ ጓሮ፣ ድሮ የክትባት ዕቃ ይቀመጥባት በነበረች ክፍል ውስጥ እውላለሁ። እትየ ታየችን ጥር ላይ ይዘዋቸው የመጡት እኚሁ አያ ቢያዝን ናቸው። «እህል አልቀምስ አለች፤ እንቅልፍም የላት። ልጇ ቆላ ወርዶ ስልክ ባለመደወሉ ነው» ብለው አስረክበውኝ ሄዱ። እውነትም ሴትየዋ ነጠላቸው ውስጥ ያለቁ ነበሩ።

አሠራሬን ልንገራችሁ፤ ካልሆነ ያደረግሁት ነገር አይገባችሁም። እኔ «አይዞሽ» የሚባል ነገር አልወድም። አይዞሽ ሕክምና አይደለም፤ ሰውን ቶሎ ከበር ለመሸኘት የሚባል ነገር ነው። ሰው ፍርሃቱን ይዞ ሲመጣ እኔ የምጠይቀው ማስረጃውን ነው። ፍርሃት ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ምስክሮቹን አንድ በአንድ አቁመን እንመረምራለን፤ አብዛኞቹ ሐሰተኛ ሆነው ይገኛሉ፤ ሰውየው ይተነፍሳል። በስምንት ሳምንት ያልቃል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ስማር «ለካ ልቅሶ የሌለበት ሙያ አለ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማንበብ የሚችል ሰው ይህን በወረቀት ይሠራዋል። እትየ ታየች ስለማያነቡ ከገበያ አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ሽምብራ ገዛሁ።

«ልጄ ሞቷል የሚያሰኝዎትን ነገር ሁሉ ይንገሩኝ። ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላ እናስቀምጣለን። አለ ለሚያሰኘው ደግሞ አንድ ሽምብራ።»

ባቄላውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «በልጄ ልታሟርቺብኝ ነው?»

«ሟርት አይደለም፤ ማስረጃ ነው።»

«ጠንቋዩም እንደሱ ነው የሚለው» አሉ። ግን ጀመሩ።

አያ ቢያዝን የራሳቸው ጤፍ እየረገፈ መጀመሪያ የእትየ ታየችን አጨዱላቸው። አንድ ባቄላ። ሃያ ዓመት ድንበር ሲገፋቸው የኖረው ጎረቤታቸው ወንድምአገኝ ዘንድሮ ሦስት ክንድ ወደ ራሱ ሸሽቶ አረሰ። ሁለት። ምንጭ ሲወርዱ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ፤ ወረፋ ሳያስጠብቁም ይቀዱላቸዋል። ሦስት።

«ደግሞ» አሉ፣ አራተኛዋን ባቄላ በጣታቸው እያሽከረከሩ፣ «መስከረም ላይ አገሩ ሁሉ ‹ልጅሽ ደወለ ወይ?› ይለኝ ነበር። አሁን የሚጠይቀኝ አንድ ሰው የለም። ምነው?»

አራቱንም አነሣኋቸው። አያ ቢያዝን ያጨዱት የባልዎ ወንድም ስለሆኑ ነው አልኩ። ሴቶቹ ዝም የሚሉት እርስዎ ከፍቶዎት ስለሚያዩ ነው። ስለ ልጅዎ የማይጠይቁት እንዳያስጨንቁዎት ነው። ወንድምአገኝ ደግሞ ምናልባት ንስሐ ገብቶ ይሆናል።

«ወንድምአገኝ? ንስሐ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጥርሳቸው ያምር ነበር።

«ሰው ደግ ሲሆንልዎ ለምን ክፉ ይጠረጥራሉ?» አልኳቸው፤ በባቄላዎቹም ቦታ ሽምብራ አስቀመጥኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሽምብራ ብቻ ነበር። እትየ ታየች ይበላሉ። ይተኛሉ። ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። ፋይላቸው ላይ «ከፍተኛ መሻሻል» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ይህ በሆነ በሰዓቱ ነው እንግዲህ አያ ቢያዝን ሊያመሰግኑኝ የገቡት።

«ለምንድን ነው ያልነገራችኋቸው?» ጮኼ መሆን አለበት፤ አያ ቢያዝን በሩን ዞር ብለው አዩ።

«ቀስ በይ እንጂ! ይመኙሽ ጆሮ ቢደርስስ?»

ይመኙሽ የእትየ ታየች ሴት ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖረው፤ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። «ሁለተኛው» አሉኝ አያ ቢያዝን፣ «የአባቷን መርዶ በሰማች በሦስተኛው ቀን ነው የወረደው። የእናቲቱን መርዶ ከልጂቱ ለይቶ መንገር አይቻልም፤ አንድ ጣራ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀመጠ። ወልዳ ክርስትና እስኪነሣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። አገሩም ያዘው።»

«አገሩ ማለት?»

«ስልሳ ሰባት አባወራ። ከነልጆቹ።»

ስልሳ ሰባት ቤት። አራት ወር። እኔ የማውቃቸው ባለሙያዎች የታካሚ ምስጢር እስከ ምሳ ሰዓት መያዝ ያቅታቸዋል።

«እኔን ምነው አልነገራችሁኝም?»

«እቴነሽ ትነግርሻለች ብለን ነዋ! ኋላማ ታየች ከዚህ ስትመለስ ‹የትናየት እንዲህ አለችኝ፣ እንዲያ አለችኝ› ስትል ሰማንና፣ ‹ይቺ ልጅ ብልህ ናት፤ እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት እዩ!› ተባባልን። ወንድምአገኝማ ‹ንስሐ ገባህ አሉ› እየተባለ መሳቂያ ሆኗል።» ዱላቸውን አነሡ። «ሸጋ ሥራ ነው የሠራሽልን። እስክትወልድ ብቻ እንዲሁ ያዥልን፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ትሆኛለሽ።»

እቴነሽ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። ክፍሏ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«አንዱዓለምን።»

«ዘበኛውም ያውቃል» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች። ከዚያ ፊቴን አየችው። «አላውቅም ነበር ልትዪኝ ነው? ኧረ በሥላሴ! እና ያን ሁሉ ሽምብራ ስትደረድሪ የከረምሽው ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠና አፏን በእጇ ያዘች። «እንግዲያው እሷም አምናሻለቻ።»

ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየተጫወተ ነበር፤ አንዲት ሴት በጫማዬ ላይ ዶሮ አስቀምጣ ነበር፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። እትየ ታየች ትክክል ነበሩ። አራቱም ምስክሮቻቸው እውነተኞች ነበሩ። ያወቁትን ዐውቀው ነው ታመው የመጡት፤ እኔ ደግሞ ከበሽታው ሳይሆን ከእውቀታቸው ነው ያዳንኳቸው። ስማር ይህ ሊሆን እንደሚችል የነገረኝ የለም። ታካሚው የሚፈራው ነገር እውነት ሲሆን ምን እንደሚደረግ መጽሐፉ አንድ ገጽ ነበረው፤ ለፈተና አይመጣም ብዬ ዘለልኩት።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ቆይቼ የደረስኩበት ውሳኔ የፈሪ ውሳኔ ነበር። ስለ ልጁ አላነሣም፤ ስለ እንቅልፋቸው ብቻ እናወራለን፤ ይመኙሽ ትወልዳለች፤ ሽማግሌዎቹ የጀመሩትን ራሳቸው ይጨርሱታል። እኔ አልዋሽም፤ አልናገርምም። እንዲህ ዓይነት መሀል መንገድ ያለ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እትየ ታየች አንድ ከረጢት በሶ ይዘው ገቡ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ይመኙሽ አብራቸው መጥታ ኖሮ እቴነሽ ዘንድ ለክትትል ገባች፤ ድምጿ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማኛል።

«በስድስት ሰዓቱ ማኪና ጎንደር እንወርዳለን» አሉኝ። «ነገ ደግሞ መተማ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልጄን ላይ ነዋ! ‹ፍርሃት ተቀምጠው አይለቅም፤ ሄደው ነው የሚያዩት› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ብዬ ነበር። ያን ያልኩት ገበያ መውጣት ስለፈሩ ነበር።

«እንወርዳለን ሲሉ፣ ከማን ጋር?»

«ከይመኙሽ ጋር። ብቻሽን አትሄጂም ብላ ድርቅ አለች። በሶውንም የፈጨችው እሷ ናት።»

ከትክል ድንጋይ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ። የሰባት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር በዚያ ሙቀት፤ እዚያም ደርሰው የመጀመሪያው የጠየቁት ሰው «ያ ትራክተር የገደለው ልጅ?» ሊላቸው። መሀል መንገዴ እዚያው ላይ አለቀ።

«አይሂዱ» አልኩ።

«ምነው?»

«ይመኙሽ በሰላም ትገላገል። ከዚያ በኋላ…» ድምፄን ሰማሁት። ለስልሶ ነበር። ለማንም እንዲህ ለስልሼ ተናግሬ አላውቅም።

እትየ ታየች ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ። «ምነው ድምፅሽ እንደ ቢያዝን ሆነ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። በእኛ ሙያ ዝምታ መሣሪያ ነው፤ ታካሚው እንዲናገር ቦታ ለመስጠት ይውላል። ይሄኛው ዝምታ መሣሪያ አልነበረም።

«የትናየት። ልጄ አለ?»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ዐውቃለሁ፤ ጎንደር ነው የተወለድኩት። ሳይነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል። ጉልበት ያላቸው ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ብዛታቸው ይናገራል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ከኋላዬ ስለ ኩፍኝ የሚናገር ፖስተር ተለጥፎ።

«የለም» አልኩ። «ጥቅምት ላይ ነው። መተማ ተቀብሯል። አያ ቢያዝን ናቸው ያስቀበሩት።»

አላለቀሱም። ተነሡና በጥፊ መቱኝ።

መነጽሬ ጥግ ድረስ ሄደ። ጆሮዬ ጮኸ። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ፤ ከእናቴ በቀር የመታኝ ሰው የለም።

«እኔ ቀብሬው ነበር» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ፊቴ ድረስ ተጠግተው። «ኅዳር ላይ፣ ቢያዝን ጤፌን ያጨደ ቀን፣ ሆዴ ውስጥ ቀብሬው ነበር። የሚያስለቅሰኝ ሰው ብቻ ነበር ያጣሁት። አንቺ አውጥተሽ አቆምሽው። እህል አበላሽኝ። ጸጉሬን አሠራሽኝ። አሁን ደግሞ እንደገና ገደልሽው።»

ይቅርታ አላልኩም። እዚያ ላይ ይቅርታ ማለት ስድብ ነው።

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። አፋቸው ሲከፈት አየሁ፤ ጩኸቱ ሲመጣ አየሁት። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ይመኙሽ እቴነሽ በነገረቻት ነገር ሳቀች። እትየ ታየች ሳቋን ሰሙ። የአዲሱን ነጠላ ጫፍ በሁለት እጃቸው አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

ታካሚ አይታቀፍም፤ ደንብ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጭንቅላታቸውን ይዤ ወደ ደረቴ ጫንኩት፤ እሳት እንደሚያፍን ሰው። ነጠላው ሲያልቅባቸው ትከሻዬን ነከሱ። ጥርሳቸው ጋዋኑን አልፎ ሲገባ ተሰማኝ፤ አልጮኽኩም፤ ከእኔም ድምፅ መውጣት አልነበረበትም።

በሩ ተንኳኳ። «እማ! ጨረስሽ? ማኪናው እንዳያመልጠን!»

«መጣሁ፣ የኔ ልጅ!» አሉ እትየ ታየች።

ከጥፊው ይልቅ ያ ድምፅ አስደነገጠኝ። ንጹሕ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለ በሶው ያወሩበት ድምፅ ነው። ተነሡ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ መነጽሬን ከጥግ አንሥተው ሰጡኝ፣ በሩን ከፈቱ።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለች ይመኙሽ።

«ጠብታ አድርጋብኝ ነው፤ ያቃጥላል። መተማ አንሄድም። የትናየት በስልክ አግኝታዋለች።»

«አንዱዓለምን?» ይመኙሽ እጄን ያዘች። «አናገርሽው? ምን አለሽ?»

እትየ ታየች አዩኝ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። እኔ ታካሚዎቼን ሁሉ የመጀመሪያ ቀን «እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አይዋሽም» የምል ሰው ነኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። «ስልኩ ጠፍቶበት ነው። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

ይመኙሽ አቀፈችኝ። ሆዷ ሆዴን ገፋው፤ ከውስጥ አንድ ነገር እርግጫ አሳረፈብኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ረቡዕ መጡ። ባቄላውንም ሽምብራውንም ለዘበኛው ሰጠሁት። እትየ ታየች ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ከቤት ባመጣሁት ትራስ ላይ ፊታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ አላስቻለኝም። «ላደርግልዎ የምችለው ነገር አለ?» አልኳቸው።

«በሩን ያዥ» አሉኝ።

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ለዚያ ሠላሳ ደቂቃ የሚሆን ምንም አልነበረውም፤ በሩን ግን ያዝኩ። ፋይላቸው ላይ ቀን ብቻ እየጻፍኩ አለፍኩ።

ይመኙሽ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። እቴነሽ ደውላ ስትነግረኝ ስልኩ ላይ ታለቅስ ነበር፤ «አንቺ እኮ ድንጋይ ነሽ» አለችኝ፣ እኔ ባለማልቀሴ።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። በነጋታው አያ ቢያዝን ደወሉ። መርዶው ዓርብ ነው፤ ነይ። አልፈለግሁም። «አንቺ ነሽ የያዝሽልን፤ እንዴት ትቀሪያለሽ!» አሉኝ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከእቴነሽ ጋር አንድ ሰዓት በእግር ሄደን ደረስን። ግቢው ሞልቶ፣ የአጥሩም ውጭ ሞልቶ ነበር። ሕፃናቱ ጭምር ዝም ብለዋል።

አያ ቢያዝን ወደ በሩ ቀረቡ። «ታየች፣ እንግዲህ እግዜር ያጥናሽ…»

ማስመሰል አያለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ስድስት ረቡዕ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ፤ ያለቀላቸው መስሎኝ ነበር። እትየ ታየች ጮኹ። ግራና ቀኝ የያዟቸው ሁለት ሴቶች ወደቁ፤ ሦስተኛ ገባች፤ አራተኛ። ትራሱ ውስጥ የሰማሁት ልቅሶ የዚህኛው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ይመኙሽ ልጇን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ዓይኗ በሰዉ መሀል ሲፈልግ ቆይቶ እኔ ላይ ቆመ።

«አንቺ አናግሬዋለሁ አላልሽኝም?»

ሰው ሁሉ ዞረ።

የእትየ ታየች ጩኸት መሀል ላይ ተቆረጠ። «እኔ ነኝ ያስዋሸኋት» አሉ። «የካቲት ላይ ነግራኛለች። እኔ ነኝ። ልጅሽ እንዲተርፍ ነው።»

ሰባት ወር ሙሉ የደበቋቸው ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸው። ከፊት የቆመ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ «ወንድምአገኝ፣ ምን ሆንክ?» ሲሉት ሰማሁ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የካቲት?» አሉ አያ ቢያዝን። «የካቲት? ማጭድ ስዋስሽ፣ በየሰንበቱ ሳጫውትሽ፣ እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ» አሉ እትየ ታየች። ከዚያ ጩኸታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ይመኙሽ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ እኔ መጣች። ለሁለተኛ ጊዜ ልመታ ነው ብዬ ቆምኩ። ልጁን ደረቴ ላይ ወረወረችው ማለት ይቻላል። «ያዥ!» አለችና ወደ እናቷ ሮጠች፤ ለልቅሶ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

ይቅርታ ማድረጓ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው የማላለቅሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ልጁ ይሞቅ ነበር፤ አዲስ ማተብ አንገቱ ላይ አለ፤ ይጮሃል፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀብኝ። ሕፃን ይዤ አላውቅም። አጠገቤ ደረታቸውን እየመቱ የነበሩ አንዲት አሮጊት ልቅሷቸውን ሳያቋርጡ ክርኔን በጥፊ ወደ ላይ ገፍተው አንገቱን አስደገፉልኝ፤ ከዚያ ወደ ደረታቸው ተመለሱ።